ለድምፁ ቦታ ስንፈልግ

ይህን ታሪክ ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ስለማፍር ነው የምቀደው። በሦስተኛው ግን አማቴ «ጻፊው፤ እኔ የማፍርበት ነገር የለም» ስላሉኝ ይኸው እስከ መጨረሻው ልነግራችሁ ነው።

ያኔ ካገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ቤታችን ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው ዳገት አጋማሽ ላይ ነው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ከተማ ውስጥ በአንድ ፔንሲዮን አንሶላ ሳጥብ ቆይቼ ነው ለደሳለኝ የተዳርኩት። ደሳለኝ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ከሠርጋችን በኋላ አብረን የኖርነው ሰባት ወር ብቻ ነበር። መሬታችን ጠባብ ነው፤ ዝናቡም ከዳን። ስለዚህ ጨው ሊጭን ወደ አፋር፣ ወደ አፍዴራ ወረደ። እኔና እናቱ ብቻችንን ቀረን።

አማቴ ወይዘሮ ደብሬ ይባላሉ። ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ አንድ ልጃቸውን ያሳደጉት ራሳቸው እየቆፈሩ፣ ራሳቸው እያጨዱ ነው። ቁጡ ናቸው። ድምፃቸው ከማዶ ይሰማል። በእኛ አገር ደግሞ ምራት አማቷ ፊት ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ስትናገርም በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈን ታደርጋለች። ለሌላዋ ይህ ልማድ ብቻ ነው፤ ለእኔ ግን ጥሩ መደበቂያ ሆነልኝ። «አቤት»፣ «እሺ»፣ «ደርሷል» ከሚሉት ቃላት ውጭ በዚያ ሁሉ ጊዜ ያልኳቸው ነገር ትንሽ ነው። እሳቸውም እኔን የሚያናግሩኝ በአብዛኛው ሲቆጡ ነበር።

ከባሌ ጋር በደንብ የተዋወቅነው ከሄደ በኋላ ነው ብል ታምኑኛላችሁ? እሱ ባለበት ቦታ ተራ ጥሪ አይሰራም። ማታ ከሥራ ሲመለሱ የካምፑ ቢሮ ዋይፋይ ይከፈትላቸዋል፤ ያኔ ስልካችን ላይ ባለችው አረንጓዴ የመልእክት መላኪያ ምልክት በኩል ድምፁን ቀድቶ ይልክልኛል። እኔ ደግሞ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወርድ ኔትወርክ የሚይዝ አንድ ቋጥኝ አለ፤ እዚያ ሥር ተቀምጬ አዳምጥና እመልስለታለሁ። ፊቱ ተቀምጬ ቀና ብዬ ላየው የሚያቅተኝ እኔ፣ ለስልኩ ግን ወሬ አያልቅብኝም ነበር። ስለ ላሟ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ ስለ እናቱም አወራለት ነበር። እሱ ቪዲዮም ይልካል። አንድ ቀን ሜዳው ሁሉ ነጭ የሆነበትን ቪዲዮ ለአማቴ ሳሳያቸው «ይሄን ሁሉ ውርጭ ማን ይችለዋል፤ ልጄ በብርድ ሊያልቅ ነው» ብለው ቀኑን ሙሉ ሲያዝኑ ዋሉ። ጨው መሆኑን የነገርኳቸው በማግስቱ ነው። እያዘኑ ሳለ ማቋረጥ አልሆነልኝም።

አንድ ሰሞን ደመናው አልገለጥ አለ። ስልኬን የምሞላው በትንሽዬ ሶላር ስለሆነ ለአምስት ቀን ሞቶ ከረመ። ፀሐይ ስትወጣ ሞልቼ ከፈትኩት። ቀኑም ሰዓቱም ጠፍቶበት ስለነበር አስተካከልኩትና ወደ ቋጥኜ ወረድኩ። አረንጓዴዋን ስነካት ድምፅ የለም። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ። ከጽሑፉ ሥር ያለችውን «ኦኬ» አውቃታለሁ፤ እሷን ነካሁና አለፍኩ። በማግስቱም ያው ነው። በሳልስቱም።

እንግሊዝኛ ባለማንበቤ አፈርኩ ልበላችሁ? እሱ ብቻ አይደለም። በመንደራችን አስተማሪ አለ፤ ወስጄ ባሳየው ያነብልኝ ነበር። ግን ጽሑፉ ባልሽ ትቶሻል የሚል ቢሆንስ? እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ላይ ተጽፎ ይምጣ አይምጣ አላውቅም ነበር። ብቻ ለሰው አሳይቼ፣ ሰው ፊት ላይ ማዘኑን ከማይ ጠዋት ጠዋት «ኦኬ» ብዬ መመለሱን መረጥኩ።

አማቴ ማታ ማታ «ምን አለ?» ይሉኛል። የመጀመሪያውን ሳምንት «ደህና ነኝ ብሏል» እያልኩ ዋሸኋቸው። ከዚያ ውሸቱም አለቀብኝ። ሦስተኛው ሳምንት ካለፈ በኋላ አንድ አርብ ማታ «ልስማው፤ ስልኩን አምጪው» አሉ። አመጣሁ። ስልኩ ያን ሰሞን ጭራሽ እንደ ድንጋይ ሆኖ ነበር፤ አረንጓዴዋን ስነካት ጽሑፉም ቀርቶ ብልጭ ብላ ትዘጋለች። አንገቴን ደፍቼ፣ ድምፁን ከሰማሁ ከሃያ ቀን በላይ እንዳለፈኝ ነገርኳቸው።

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። ነጠላቸውን አስተካከሉና «ነገ ከተማ እንወርዳለን» ብቻ አሉ።

ቅዳሜ ነበር፤ የገበያ ቀን። ዳገቱን ስንወርድ እሳቸው ከፊት እኔ ከኋላ፣ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እሳቸው በእጃቸው ትንሿን ሬዲዮ ይዘዋል። ደሳለኝ ሲሄድ የገዛላቸው ናት፤ በውስጧ ባለች ሚሞሪ ካርድ መዝሙርና ስብከት ታጫውታለች። ጥጥ ሲፈትሉም፣ እህል ሲለቅሙም ከጎናቸው አትለይም። ባትሪዋ ደክሞ ስለነበር በዚያው ላሳያት ብለው ነው።

ከገበያው አጠገብ ጌጡ የሚባል ስልክ ጠጋኝ አለ። በፊት አስጎብኚ ነበር፤ እንግዳው ሲጠፋ ወደ ስልክ ዞረ። አፉ ግን አስጎብኚ ሆኖ ቀርቷል፤ የተከፈተ ስልክ ሳይቀር እየዞረ ያስጎበኛል። እዚያ መምሬ ካሣ የሚባሉ ቄስ የስልካቸው ድምፅ ማውጫ እስኪሠራላቸው ተቀምጠዋል። ጌጡ ስልኬን ተቀብሎ ትንሽ ነካካና «ይሄ ስልክ የአሸተንን ዳገት በሁለት ኩንታል የወጣ አህያ ነው» አለ። «አልታመመም፤ ጭነቱ ነው የገደለው።»

ነገሩን ቀስ ብሎ አስረዳን። ስልኩ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ አረንጓዴዋም የምትዘጋው መላወሻ አጥታ ነው። መድኃኒቱ ሪሴት ነው፤ ማለት እንደ ተገዛበት ቀን ባዶ ማድረግ። ባዶ ሲሆን ግን ያለው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ የምንፈልገውን አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ያስፈልጋል። ወደ የት? ኮምፒውተሩ በመብራት ነው የሚሠራው፤ መብራት ደግሞ ከትናንት ጀምሮ የለም። በኢንተርኔት እንዳይቀመጥ አካውንቱን የከፈተልኝ ፔንሲዮን ውስጥ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ የይለፍ ቃሉን አላውቅም። አዲስ ሚሞሪ ካርድ አልቆበታል፤ ከወልድያ የሚመጣለት ሰኞ ነው።

«እንግዲህ ሰኞ ተመለሱ፤ ወይም እንዲሁ ላጥፋው» አለ።

እኔ ያን ጊዜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ደሳለኝ ትቶኝ ከሆነ፣ ወይም ክፉ ነገር አግኝቶት ከሆነ፣ ከሱ የቀረኝ ያ ድምፅ ብቻ ነው። ካጠፋሁት ምንም አይኖረኝም። ካላጠፋሁት ደግሞ ስልኩ አይሠራም፤ ሊያገኘን ቢፈልግ እንኳን መግቢያ የለውም። ይህን ሁሉ ለጌጡ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣኝም።

አማቴ ሬዲዮዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «በዚች ውስጥ ያለችው ካርድ አትሆንም?» አሉ።

ጌጡ ካርዷን አውጥቶ አያት። ሁለት ጊጋ ናት፤ ትሆናለች፤ ግን እሷም ሞልታለች። መዝሙሩ ካልጠፋ ቦታ የላትም። አማቴ ወደ መምሬ ካሣ ዞረው ኃጢአት ይሆን እንደሆነ ጠየቁ። መምሬ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ እሳቸው ጉሮሯቸው እስካለ ድረስ ላስታ ውስጥ መዝሙር አይጠፋም ብለው አሳቁን። ጌጡ አሁንም ለማጥፋት አልቸኮለም፤ ስንት ዓመት ያዳመጡት ነው፣ በኋላ እንዳይጸጸቱ ብሎ ደግሞ ጠየቃቸው።

«መዝሙሩን ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እሰማዋለሁ» አሉ አማቴ። «የልጄን ድምፅ የት ሄጄ ልሰማ?»

መዝሙሩ ጠፋ።

አሁንም ግን ሁሉም አይገባም። ቪዲዮዎቹ ከባድ ናቸው፤ የድምፁም ብዛት ሌላ ነው። መምረጥ አለባችሁ አለን። ችግሩ ደግሞ ድምፆቹ ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ ናቸው። የኔም የሱም በአንድ ላይ ተቀላቅለዋል። የቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ አንድ በአንድ ከፍቶ መስማት ነው። በጌጡ ሱቅ፣ ቄስ ተቀምጠው፣ አማቴ አጠገቤ ሆነው፣ በዚያ ቋጥኝ ሥር ለባሌ ያንሾካሾክሁት ሁሉ ሊሰማ ነው።

እጄን ልዘረጋና ስልኩን ልነጥቅ ነበር። አልደረስኩም። ጌጡ የመጀመሪያውን ነካው፤ የኔ ድምፅ ወጣ።

«እናትህ ዛሬም ወጡን መለሱት። ጨው በዛበት አሉ። ጨው ሁሉ አንተ ጋ ሄዶ እኛ ጋ ከየት መጥቶ ይበዛል ልላቸው አሰብኩ…»

መምሬ ካሣ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ከለሉት። ጌጡ ወደ ጣሪያው አየ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። አማቴ አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። «ቀጥል» አሉት።

ሁለተኛውም የኔ ነበር። «እናትህ ሌሊት ሌሊት ያስላቸዋል። እኔን እንዳይቀሰቅሱ ጋቢውን በአፋቸው ይዘው ነው የሚያስሉት። የምሰማ አይመስላቸውም። ነገ እናቴ ዘንድ ሄጄ ማር አመጣለሁ። ለምን አመጣሽው ቢሉኝ ምን እንደምላቸው እንጃ።»

ማሩን ያመጣሁ ቀን እናቴ ሰላምታ ልካላቸው ነው ብዬ አቀብያቸው ነበር። አማቴ ዞር ብለው አዩኝ። ቤታቸው ከገባሁ ጀምሮ እንዲያ አይተውኝ አያውቁም፤ አዲስ ሰው እንደሚያዩ ነበር የሚያዩኝ።

ሦስተኛው የደሳለኝ ሆነ። ድምፁን ስሰማ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋሁ። ከረጅም ጊዜ በፊት፣ አለቀስኩ ብዬ ስነግረው የመለሰልኝ ነው።

«እማ ስትቆጣ አትሽሻት። እሷ የምትቆጣው ስትፈራ ነው። አባቴ የሞተ ቀን ከብቶቹን ስትቆጣ ነው የዋለችው። ለሰው አትናገሪ፤ ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ።»

ያን ጊዜ አማቴ የነጠላቸውን ጫፍ አንስተው ፊታቸውን ሸፈኑ። ልክ እኔ እሳቸው ፊት እንደማደርገው።

ምርጫው ረጅም ሰዓት ወሰደ። ጌጡ ሌላ ደንበኛ ሲመጣ በኋላ ተመለስ እያለ ይሸኛል። መምሬ ካሣ ተራቸው ደርሶ እንኳን አልሄዱም፤ የቤተ ክርስቲያን ስም የተጠራበት ሁሉ ይቀመጥ እያሉ ይፈርዳሉ። ጨው የሚታይባቸውን ቪዲዮዎች አማቴ ያለ ርኅራኄ አስጠፉ፤ ጨውማ ገበያም ሞልቷል አሉ። ፊቱ ያለባቸውን ብቻ አስቀሩ። አንድ ድምፅ ላይ ግን ተጣልተን ነበር ማለት ይቻላል። ደሳለኝ ቀድቶ ሲጨርስ ማጥፋቱን ረስቶት ኖሯል፤ ሁለት ደቂቃ ያህል እርምጃው፣ ማንኪያ ሳህን ሲነካ፣ እሱ ለራሱ ሲያንጎራጉር ብቻ ነው የሚሰማው። ጌጡ ይሄ ምንም የለበትም፣ ቦታ ይይዛል አለ።

«እሱ አለበት» አሉ አማቴ። ድምፁ ሳይጠፋ ቀረ።

በመጨረሻ ቦታው ጠበበ። እኔ በሹክሹክታ፣ የኔ የኔው ሁሉ ይጥፋ፣ የሱ ብቻ ይቀመጥ አልኩት። እንዲያውም ለኔ መዳኛ መስሎኝ ነበር። ጌጡ ሊያጠፋ ሲል አማቴ እጁን ያዙት።

«የሷንም ተው። እሱን ብቻ ካስቀረነው ለማን ነው የሚያወራው?»

ካርዷ ሞላች። ጌጡ አውጥቶ ሰጣቸው፤ እሳቸውም በነጠላቸው ጫፍ አድርገው አጥብቀው ቋጠሯት። ከዚያ ስልኩን ባዶ የሚያደርገውን ነካ። መስታወቱ ጠቆረ። አራታችንም ያን ጥቁር መስታወት ስናይ አንድ ሰው አስታመን ትንፋሹን የምንጠብቅ እንመስል ነበር።

በራ። ቋንቋ ጠየቀ፤ ጌጡ መለሰለት። ኢንተርኔቱን ከፈተለት። ቀንና ሰዓት ላይ ሲደርስ ለመምሬ ካሣ ስልካቸውን ሊያቀብል ዞር አለና «ይቺን አንቺው ጨርሻት» አለኝ። ይህንንስ እችልበታለሁ ብዬ ደስ አለኝ። ራሱ ያስተካክል የምትለዋን አጠፋሁ፤ ሰዓቱን በኛ ሰዓት አደረግኩ፤ ወሩንና ቀኑን ሞላሁ፤ ዓመቱንም ቤታችን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው የቤተ ክርስቲያን መቁጠሪያ እንደማውቀው አድርጌ አስገባሁ።

ጌጡ ከትከሻዬ በላይ ሲያየኝ ኖሯል። «ምንድን ነው ያስገባሽው?» አለ።

«ቀኑን» አልኩት።

«በፊትም እንዲህ ነበር ያደረግሽው?»

ከደመናው በኋላ ስልኩ ቀኑን ሲረሳ እንዲሁ አድርጌ እንዳስተካከልኩት ነገርኩት። ድምፁ የቀረው መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከዚያው ቀን ጀምሮ ነው። ይወጣ ስለነበረው ጽሑፍ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ጌጡ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፤ ያ ሁሉ ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ።

«ስሚኝ እህቴ። ይሄ ስልክ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነው። የነሱ ዓመት ከኛ ሰባት ስምንት ዓመት ይቀድማል። አንቺ የኛን ስታስገቢለት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የተመለሰ መስሎታል። አረንጓዴዋ ደግሞ ቀኑ ከተዛባ ከማንም ጋር አታገናኝም። ያ ጽሑፍ ‘ቀንሽን አስተካክዪ’ ነበር የሚልሽ።»

በየጠዋቱ። በየጠዋቱ ነበር የሚለኝ። እኔም በየጠዋቱ እሺ እያልኩ ነበር የምመለሰው።

ጌጡ ስልኩ መሙላቱም እውነት እንደሆነ፣ ዛሬ ባይሆን በወሩ ይህ እንደማይቀር ነገረኝ። ሊያጽናናኝ ነው። ወደ አማቴ ማየት ግን አልቻልኩም። ልጃቸው ዝም አላለም፤ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ጌጡ ቀኑን አስተካከለ፤ አረንጓዴዋን እንደገና ጫነ፤ ቁጥሬን አስገባ። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ነዘረ፣ ነዘረ፣ አላቆም አለ። የደሳለኝ ድምፆች ነበሩ። ቁጥራቸው ከሠላሳ በላይ ነው።

ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰማናቸው። አንደኛውና ሁለተኛው እንደ ወትሮው ነው፤ ሙቀቱን ያማርራል፣ ላሟን ይጠይቃል። ከዚያ ለምን ዝም እንዳልኩ ይጠይቃል። ከዚያ ታምሜ እንደሆነ። ከዚያ ድምፁ እየወረደ መጣ። «ፋንታዬ፣ እማ ደህና ናት?» አለ በአንዱ። በሚቀጥለው «እማን ብቻ አንድ ቃል አሰሚኝ» አለ። ቀጥሎ የመጣው ላይ ድምፁ የሌላ ሰው ሆነ።

«ገብቶኛል። ያገሬን ልማድ አውቀዋለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ስለምትራሪልኝ ነው ዝም ያልሽው።»

ዝምታዬ እንዲህ ሆኖ ነው አፍዴራ የደረሰው። እናቱ ሞተው የምንደብቀው መስሎታል። እኔ እሱ የተወኝ መስሎኝ ቋጥኝ ሥር ሳለቅስ፣ እሱ እዚያ በቁማቸው ያሉ እናቱን ያለቅሳል። ጓደኞቹ ሥራ አስፈትተው ሦስት ቀን አስቀምጠውታል። ፀጉሩን ተላጭቷል። የመጨረሻው ድምፅ የዚያኑ ዕለት ጠዋት የተላከ ነበር፤ ሒሳቡን ተቀብሎ፣ ፍራሹን ሸጦ፣ ስልክ ወደሚሠራበት ከተማ ወጥቶ ወደ አገር የሚመጣ መኪና እየጠበቀ ነው። «ለአርባዋ እደርሳለሁ» ይላል። «መቃብሯን ብቻ አሳዪኝ።»

መምሬ ካሣ አማተቡ። አማቴ አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። ያ ከማዶ የሚሰማ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። እንባቸው ብቻ ይወርዳል። ጌጡ እኔን አየኝ። መምሬም አዩኝ። ከደጅ ደግሞ ነገሩ የሳባቸው ገበያተኞች ቆመዋል።

ደወልኩ።

ወዲያው አነሳው። መጀመሪያ የሰማሁት ትንፋሹን ነው። ቀጥሎ በጣም ቀስ ብሎ «መቼ ነው?» አለኝ።

በሹክሹክታ መለስኩለት። አልተሰማውም፤ መስመሩ ይቆራረጣል። ከአፌ ላይ ነጠላዬን አወረድኩ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«ደሳለኝ፣ እናትህ አልሞቱም! እዚሁ አጠገቤ ናቸው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ስልኩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

በሚያሳዝን ድምፅ «እንዲህ ነው የሚባለው» አለኝ። «እኔም ለሰው እንዲሁ ብያለሁ።»

እውነቱን ነው። እኛ አገር የሞተውንም ሰው ደህና ነው እየተባለ ነው ሐዘንተኛው ቤት ድረስ የሚመጣው። ምን ብዬ ላሳምነው? ስልኩን በአማቴ ጆሮ ላይ አደረግኩና ትከሻቸውን ያዝኩ። ነክቻቸው አላውቅም ነበር። «ያናግሩት እማማ» አልኳቸው፤ ከዚያም ጮክ ብዬ ደገምኩት። «እርስዎ ካልተናገሩ አያምነኝም።»

አማቴ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ ያ ድምፅ ተመለሰ።

«አንተ! ምን ሆንኩና ነው ፀጉርህን የተላጨኸው? ማን ነው ሞታለች ያለህ? ፍራሹንስ ምን ቆርጦህ ሸጥከው?»

ከዚያ ማዶ ደሳለኝ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ሱቁ ሙሉ ተሰማ። እሳቸው ባለቀሰ ቁጥር ይቆጡታል፤ በተቆጡት ቁጥር ይብስበታል። ከደጅ የቆሙት ሴቶች እልልታ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ድምፅ አሰሙ። ጌጡ ጀርባውን ሰጥቶን የማይሠራውን ኮምፒውተር ይጠርግ ነበር።

ደሳለኝ ከአራት ቀን በኋላ መጣ፤ መኪናው ኬላ ላይ አንዴ ተይዟል፤ የሸጠውን ፍራሽ የገዛውም ሰው አልመልስም ብሎታል። የተላጨ ራሱን ያየ ሁሉ ማን ሞተባችሁ እያለ ሲጠይቀን፣ አማቴ «እኔ ነኝ» እያሉ ሲመልሱ ነበር የከረሙት።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ዓይን አፋርነትን ልነቅፍ አይደለም የጻፍኩት። አሁንም ሰው ሲበዛ አንገቴን እደፋለሁ፤ ተፈጥሮዬ ነው። ዝም ማለቴን ግን ድሮ የኔ ብቻ ጉዳይ አድርጌ ነበር የማየው። ማንንም አልነካሁ፣ ምን ጎዳሁ እላለሁ። ዝምታን ግን ከማዶ የሚሰማው ሌላ ሰው ነው፤ የሚሰማውም በራሱ ፍርሃት ልክ ነው። እኔ የሰማሁት ባሌ ትቶኛል የሚል ነበር። እሱ የሰማው እናቱ ሞተዋል የሚል ነው። በመካከላችን የነበረው፣ አንድ ሰው «ይሄ ምን ይላል?» ተብሎ ቢጠየቅ በአንድ ትንፋሽ የሚያነበው ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ያልገባችሁን ነገር ለሰው አሳዩ። ሰው ቢስቅባችሁ ቀኑ ሳይመሽ ይረሳዋል።

ስለ ድምፁም ልንገራችሁ፤ ስልካችሁ ሳይሞላ፣ ገና ቦታ ሳለው፣ የምትወዱትን ሰው ድምፅ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ሲጠብብ መምረጥ ይመጣል፤ መምረጥ ደግሞ ከባድ ነው። ያን ቀን የጠፉት እስካሁን ትዝ ይሉኛል፤ ዳግም ግን መቼም አልሰማቸውም።

ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ የሆነውን ደግሞ ሳልነግራችሁ አልጨርስም። ከጌጡ ሱቅ የወጣነው ገበያው ሲበተን ነው። ዳገቱን ስንጀምር እንደ ልማዴ ወደ ኋላ ቀረት አልኩ። አማቴ ትንሽ ሄደው ቆሙ። እስክደርስባቸው ጠበቁኝና፣ መንገዱ ለሁለት ሰው ጠባብ ቢሆንም ከጎናቸው አደረጉኝ። ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ፊት ፊታቸውን እያዩ፣ «ለሱ እንደምታወሪለት ለኔም አውሪኝ» አሉ።

ያን ቀን ያፈርኩት ማፈር ሁሉ በአንድ ጊዜ ተመለሰብኝ። ቢሆንም «ከየት ልጀምር?» አልኳቸው።

«ከፈለግሽበት» አሉ። «ዳገቱ ረጅም ነው።»